ጅማቱ አብሮት የታጠፈ ዱላ

የገና ዱላ የሚመዘነው በማጠፊያው ነው። ቀጥ ያለውን ክፍል ማንም ያበጀዋል፤ ልጦ፣ ጉጡን መልምሎ፣ ቅቤ ከቀባው ያምርለታል። እንጨቱ ወደ ቆልማማው መዞር የሚጀምርበት አንገት ላይ ግን ሠሪው የሚያውቀውም የማያውቀውም ይጋለጣል። ጥሩውን ዱላ ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርገው ቢያዩት፣ ከእጀታው የተነሱት ቀጫጭን የእንጨት ጅማቶች አንገቱ ጋ ሲደርሱ ሳይቆረጡ አብረውት ይዞራሉ፣ እስከ ጫፉም ይከተሉታል። በመጥፎው ላይ ጅማቱ ቀጥ ብሎ ይመጣና መታጠፊያው ላይ ተቆርጦ ይቀራል። እንዲህ ያለው ዱላ አንድ ብርቱ ለጋ ይችል ይሆናል፤ ሁለተኛውን ሲሞክር ቆልማማው ከምትለጋዋ ኳስ፣ ከጥንጓ፣ ቀድሞ ይበራል።

እኔ ይህን ማየት የተማርኩት ሉማሜ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደጀን አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የአዋበል ወረዳን ዋና ከተማ ሰንጥቋት ያልፋል፤ መንገደኛው ከመስኮቱ የሚያየው ጤፍ፣ ስንዴና ባሕር ዛፍ ነው። ከቤቶቹ ወጣ ሲሉ የነበረውን የወል መስክ ግን መንገደኛ አያውቀውም። ማንም አላጠረውም፣ ማንም አያስከፍልበትም። ክረምት ላይ ውኃ ስለሚተኛበት አይታረስም፤ ጥቁሩ ዋልካ በመስከረምም ቢሆን ጫማ ያስቀራል። ኅዳር ሲገባ ይጠነክራል። ታኅሣሥ ላይ ከብቶቹ ሣሩን እስከ ሥሩ ስለሚግጡት ሌላ አጫጅ ሳያስፈልገው ለጨዋታ ይደርሳል። አንድ ነውር ነበረበት፦ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጥንጓም ስንጥቁ ውስጥ ትገባለች። የጎልፍ ተጫዋች የሚለፋው ኳሱን ጉድጓድ ውስጥ ለመክተት ነው፤ እኛ የምንጣላው ከጉድጓድ ለማውጣት ነበር።

ጎልፍን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም የጎልፍ ተጫዋች ሁሉ አንድ ቀን ልርገጠው የሚለው ሜዳ፣ ስኮትላንድ ውስጥ በሴንት አንድሩስ ከተማ ዳር ያለው፣ የሕዝብ መሬት ነው። በ1552 እ.ኤ.አ. ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሃሚልተን በዚያ መስክ ላይ ጥንቸል ማርባት ሲፈቀድላቸው፣ የከተማው ሰው ጎልፍና ኳስ የመጫወት መብቱ እንደማይነካ በጽሑፍ አረጋግጠዋል። ዛሬም የግል ክበብ ንብረት አልሆነም፤ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተቋቋመ ባለአደራ ያስተዳድረዋል። እሑድ እሑድ በጥንታዊው ሜዳ ላይ ጨዋታው ይቆምና ሰው ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። እዚያም ቢሆን የቀድሞው ሣር አጫጅ በግ ነበር። አዲስ አበባም በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የጎልፍ ሜዳ አላት፤ እሱ ግን የክበብ ነው። የሉማሜውን መስክ የሚመስለው የሴንት አንድሩሱ ነው። መሬቱ የሁሉም ሲሆን፣ ወሰኑም ጎሉም በዕለቱ ስምምነት ሲቆም፣ ተጫዋቹ የኔ የሚለው በእጁ የያዘውን እንጨት ብቻ ይሆናል። ጥበቡ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ጎጃም ዱላ የሚያውቅ አገር ነው። ገበሬው ሽመሉን ትከሻው ላይ ሳያጋድም ገበያ አይወጣም፤ የሽመል ክብሩ ቀጥ ማለቱ ነው። የገና ዱላ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ እሱን ደግሞ ከገበያ አናገኘውም ነበር። ፍለጋው የሚጀምረው የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዱር ለዱር ሲዞር ስለሚከርም የትኛው ቁጥቋጦ የት እንዳለ ያውቃል። የምንፈልገው ክትክታ ነበር፤ ክትክታ ቀጭኑም ይጠነክራል፣ ቢጎብጥም ቶሎ አይሰበርም። ደግሞ ሜዳ ላይ የበቀለውን ሳይሆን ተዳፋት ላይ ያለውን። አፋፍ ላይ የወጣ ክትክታ መጀመሪያ ወደ ጎን ይበቅልና ብርሃን ፍለጋ ቀና ይላል። አፈሩን ገለጥ አድርገው ከሥሩ ሲቆርጡት መታጠፊያው ተበጅቶ ያለቀ ነው፤ ጅማቱ ከልጅነቱ አብሮት ዞሯል። እንዲህ ያለ ግንድ ያገኘ ልጅ ለወንድሙም አይናገርም። ቅጠል ሸፍኖበት ይሄዳል፣ በየጊዜው እየተመለሰ ይጎበኘዋል፣ ሌላ ሰው የወሰደበት ዕለት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።

እኛ ልጆች አያ የምንለው አጎቴ የዱላ ሥራ እንደሚችል የታወቀ ነበር። ሙያተኛ አይደለም፤ ገበሬ ነው። ግን ሞፈሩን፣ ድግሩን፣ እርፉንና ቀንበሩን ራሱ የሚጠርብ ገበሬ እንጨት ያውቃል። ሞፈር ላይ ጅማቱን የተሻገረ ሰው በእርሻ መሀል ቆሞ ይቀራል። ያመጣነውን ሁሉ እየተቀበለ ያገላብጥና ወይ ከጎኑ ያስቀምጠዋል፣ ወይ ወደ ምድጃው ይጥለዋል።

«አያ፣ ይኼስ?»

«እሱ ሽሮ ያበስላል።»

ከአጠገቡ የተቀመጡት ሁልጊዜ ጥቂት ነበሩ። ተፈጥሮ ያጎበጠችው ካልተገኘ ቀጥ ያለውን በእሳት ማጠፍ ይቻላል፣ ነገር ግን የሰው ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። እንጨቱ እርጥብ መሆን አለበት፤ የሰነበተ አይሆንም። አያ ልጡን ሳያነሳ የሚታጠፈውን ክፍል ብቻ ረመጥ ውስጥ ይቀብረዋል። ልጡ እንጨቱን ከመክሰል ይጠብቀዋል፣ እርጥበቱንም ይዞ ያቆይለታል፤ እንጨቱ በራሱ ውኃ ይቀቀላል ማለት ነው። ከዚያ ያወጣውና በሁለት ተጠጋግተው በበቀሉ ግንዶች መሀል አስገብቶ ይጫነዋል። አይስበውም። በክንዱ ክብደት ብቻ ተደግፎ፣ ከጎረቤት ጋር ወሬውን ሳያቋርጥ፣ እንጨቱ እሺ ሲል ጥቂት ይጨምራል። ሲታጠፍ የውጪው ጅማት ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨማደዳል። መጨማደዱን እንጨት ይችላል፤ ከልክ ያለፈ መለጠጡን ግን አይችልም። የቸኮለ ሰው ዱላ ከውጪ በኩል ፀጉር ያወጣል፤ ጥቃቅን ስንጥሮች ይነሳሉ። ያ ከታየ አያ አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ምድጃው ይልከዋል። የተሳካውን በልጥ አስሮ፣ ቅርጹን እስኪለምድ ለቀናት ይተወዋል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ይበልጡኑም አያ የማይነካው ቦታ። እስሩ ተፈቶ፣ ልጡ ተልጦ፣ በካራ መቅረፍ ሲጀምር እጀታውን እንደ ልቡ ይቀርፈዋል፤ ለመዳፍ እንዲመች ወደ መጨበጫው ያቀጥነዋል፣ ጫፉ ላይ ግን ከእጅ እንዳያመልጥ ጥቂት ወፈር አድርጎ ይተወዋል። የቆልማማውን የውስጥ ፊት፣ ጥንጓን የሚመታውን፣ ጠፍጠፍ ያደርገዋል። በመታጠፊያው የውጪ ጀርባ ላይ ግን ካራ አያሳርፍም። እዚያ ያለው ጅማት ተለጥጦ የቆመ ነው፤ በካራ ከተነካ ይቆረጣል፣ ከተቆረጠ ደግሞ በምቱ ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ያንን ጀርባ በጠርሙስ ስባሪ ብቻ፣ ልጡ የተወውን ሽፋን ለማንሳት ያህል፣ በስሱ ይፍቀዋል። የተፈጥሮ ጉብጉብታው እንዳለ ይቀራል። የማያውቅ ሰው ሲያየው ሠሪው ደክሞት የተወው ይመስለዋል። ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ያ ቦታ ሸካራ መሆኑ ለእኔ እስከ ዛሬ የሥራው ውበት ነው፤ ይህንን ግን ለሰው ማስረዳት ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም።

ከዚያ ቅቤ ይቀባና ከምድጃው በላይ ማገሩ ላይ ይሰቀላል። ጢሱ ቀስ ብሎ ያደርቀዋል፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ እንጨት ከውጪ ቀድሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ነቀዝም ጢስ አይወድም። ዱላው ሲወርድ ቀይ ዳማ ሆኗል፣ የጢስና የቅቤ ሽታውም ከእጅ አይለቅም። ልደት ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ይውላል። አያ በዚያ ዓመት «አንድ ቀን ተሰረቅሁ» ይል ነበር፤ ማገሩ ላይ የሚቆየው ዱላ አንድ ሌሊት ስለሚጎድልበት ነው።

ወደ ሴንት አንድሩስ ልመለስ፤ በ1856 እ.ኤ.አ. ያረፈው ሂዩ ፊልፕ የዚያ ከተማ የጎልፍ ዱላ ሠሪ ነበር። ሥራዎቹን የሚሰበስቡ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ስትራዲቫሪ ስለሚባለው ቫዮሊን ሠሪ የሚያወሩ ይመስላል። በእሱ ዘመን የዱላው ራስ ከእሾሃም ቁጥቋጦ፣ ከፖም ወይም ከፒር ዛፍ ይሠራ ነበር። እሾሃሙ የሚወደደው ዳገት ላይ ወደ ጎን የበቀለው ነው፤ ከሥሩ በላይ ቀና ሲል የሚፈጥረው ጉብጠት ለዱላው አንገት ይሆናል፣ ጅማቱም አብሮ ይዞራል። ሉማሜን በስም እንኳ የማያውቅ ሰው ከሉማሜ እረኛ ጋር አንድ ዓይነት አፋፍ ላይ አንድ ዓይነት እንጨት ይፈልግ ነበር ማለት ነው። የአየርላንድ ሰዎችም ለባህላዊ የሜዳ ጨዋታቸው ዱላ የሚያወጡት ከአሽ ዛፍ ግንድ የታችኛው ክፍል፣ ወደ ሥሩ ከሚሰፋበት ነው፤ ምክንያቱ ያው ነው። ልዩነቱ የፊልፕ ዱላ የሁለት እንጨት ሥራ መሆኑ ላይ ነው፦ ራሱ ከአንድ፣ ዘንጉ ከሌላ፤ መጋጠሚያው በሙጫ ተጣብቆ በክር ይጠመጠማል። ክሩ የተጠመጠመበትን አንገት በፎቶግራፍ ሳይ ሥራው ያስቀናኛል፤ እንዲህ የጠራ መጋጠሚያ እኛ ዘንድ አላየሁም። ግን ለአያ ብነግረው መጋጠሚያ ለምን አስፈለገ እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ጥንጓ ሌላ ታሪክ ናት። ሁለት ዓይነት እናውቅ ነበር። አንደኛዋ የእንጨት ናት፤ ከወይራ ሥር ወይም ከጉጥ የምትጠረብ። ጉጥ የሚመረጠው ጅማቱ ስለተወሳሰበ ነው፤ ለዱላው መልካም የሆነው ቀጥተኛ ጅማት ለጥንግ ጥፋት ነው፣ በሁለተኛው ቀን ለሁለት ትፈለጣለችና። ሁለተኛዋ የጠፍር ናት። ያልለፋ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ይተለተላል፣ ውኃ ውስጥ ያድራል፣ እርጥቡን እየጎተቱ አንዱን በሌላው ላይ ይጎነጉኑታል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ራሱን በራሱ ያጠብቃል፤ ጠዋት ላይ ለስላሳ የነበረችው ጥንግ በሦስተኛው ቀን ጥፍር አታስገባም። ጥሩ ጎንጓኝ የጠፍሩን ጫፍ የት እንደ ደበቀው አይገኝም፤ እኛ ልጆች እየተቀባበልን እንፈልገው ነበር።

የስኮትላንዱ ኳስም ጎማ ከመምጣቱ በፊት በዚሁ ብልሃት ይሠራ ነበር። እርጥብ ቆዳ በከረጢት መልክ ይሰፋል፣ የተቀቀለ የዝይ ላባ ባርኔጣ ሙሉ ተጠቅጥቆ ይገባበታል። ሲደርቅ ቆዳው ይጠባል፣ ላባው ያብጣል፣ በሁለቱ መሀል ኳሱ ይጠነክራል። ጎበዝ ሠሪ በቀን ከሦስት ወይም ከአራት አይበልጥለትም ነበርና ዋጋው ውድ ነው። በ1848 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከዛፍ ሙጫ በቅርጽ ማውጫ የሚወጣ ርካሽ ኳስ ሲመጣ የላባው ሙያ በጥቂት ዓመታት ከሰመ። የእኛዋን የጠፍር ጥንግ ያከሰማት ምን እንደሆነ ሳስብ፣ የፕላስቲክ ገመድ ጠፍርን ከአልጋውም ከቀንበሩም ላይ እያባረረ መምጣቱ ትዝ ይለኛል። ጠፍር የሚተለትል ሰው ቤት ከሌለ ጥንግ የሚጎነጉን ከየት ይመጣል?

ጨዋታውን ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም፣ ለማያውቅ ደግሞ በአጭሩ፦ ልደት ዕለት ጾሙ ተፈቶ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሚና ይለያል፤ የሰው ቁጥር ልክ የለውም፤ ጥንጓን እየለጉ በተቃራኒው ወገን ዳር ማሳለፍ ነው። እረኞቹ የጌታን ልደት ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው እንደማይቆጣ፣ ጭቃ ሹሙም ቅልጥሙን ቢመታ ዝም እንደሚል አባቶች ሲያወሩ ሰምተናል። እኛ ዘመን ጭቃ ሹም አልነበረም፤ ግን የትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ፣ ዕድሉንም አላባከንነውም።

በጨዋታው መሀል የዱላው ሥራ የሚታወቀው በዓይን አይደለም፣ በመዳፍ ነው። መጥፎ ዱላ ምቱን ወደ ክንድ ይመልሰዋል፤ ታኅሣሥ በደጋ ብርድ ነውና ጣት እስኪደነዝዝ ይነዝራል። ጥሩው ዱላ ጥንጓን በጠፍጣፋው ፊት መሀል ካገኛት እጅ ምንም አይሰማውም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቀና ሲሉ ጥንጓ ርቃለች። የጎልፍ ሰዎች ስለዚህ ስሜት መጽሐፍ ሲጽፉ ኖረዋል። ክብደቱም ይለያል። ወይራ ከባድ ነው፤ በቆመች ጥንግ ላይ ጉልበት ላለው ሰው ወደር የለውም፣ ግፊያው ውስጥ ግን ቀና እስኪያደርጉት ሌላው ቀድሞ ይለጋል። የክትክታው ቀለል ይላል፣ አቅጣጫ ለመቀየር ይመቻል። እኔ ቀጭን ልጅ ስለነበርኩ የክትክታ ወገን ነኝ፤ ወይራ የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም ሊያሳምኑኝ አይችሉም። ቁመቱም በተጫዋቹ ልክ ነው። አያ ልጁን አቁሞ፣ ክንዱን አስጥሎ፣ መዳፉ የሚደርስበት ላይ በካራው ምልክት ያደርጋል። በዓመቱ ልጁ ሲረዝም ዱላው ለታናሽ ወንድሙ ይወርዳል፣ ወንድምየው ደግሞ በቀድሞው ባለቤት መዳፍ የተላገ መጨበጫ ያገኛል።

ዛሬ ገና ከገጠር መስክ ወጥቶ ሕግ ተበጅቶለታል። የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር ያወዳድርበታል፤ ዳኛ አለው፣ የተለካ ሜዳ አለው። ደግ ነው። በበዓል ሰሞን በየከተማው የሚሸጠውን የገና ዱላ ሳይ ግን እናደዳለሁ። ከሳንቃ በመጋዝ ተቀርጾ የወጣ ነው፤ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብረቀርቃል፣ ባንዲራ የተሳለበትም አይቻለሁ። በመጋዝ ቅርጽ ማውጣት ይቻላል፣ ጅማት ማዞር ግን አይቻልም፤ አንገቱ ላይ ጅማቱ ሁሉ ተቆራርጧል። ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ ይሁን። ለልጅ ሰጥቶ ሜዳ መላክ ግን ልጁንም አጠገቡ ያለውንም ማስጎዳት ነው፤ የተሰበረ ቆልማማ ወዴት እንደሚበር አይታወቅም።

እንጨቱም ርቋል። ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የገባው ባሕር ዛፍ ቤት ሠርቶልናል፣ አብስሎልናል፤ ለቆልማማ ግን ሰነፍ እንጨት ነው፣ ረመጥ ውስጥ ቢቀቀልም ሲጫኑት ርዝመቱን ይዞ ይተረተራል። ደህና ወይራ የቀረው በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቆረጥም፣ መቆረጥም የለበትም። ክትክታ ግን ተዳፋት ያለበት፣ እርሻ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል፤ ከሥሩ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ዱላ ለመቁረጥ ብሎ ጥቂት አፋፍ መከለል ለአንድ ቀበሌ የሚከብድ አይመስለኝም።

ውድድር የሚያዘጋጁትም ሜዳውን ከመለካታቸው በፊት ዱላዎቹን ቢፈትሹ ጥሩ ነው። መሣሪያ አያስፈልገውም። አያ መጨበጫውን በሁለት ጣቱ አላልቶ ያንጠለጥለውና ቆልማማውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል። ጤነኛው እንጨት ጥርት ብሎ ይጮኻል። ስንጥቅ ያለበት፣ ዓይን ባያየው እንኳ፣ ድምፁ ይታፈናል። በሚያጠራጥረው ጊዜ አንገቱን ምራቅ ያስነካዋል፤ እርጥበቱ ስንጥቁን ተከትሎ ሲገባ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል። መስመሩ ከጅማቱ ጋር ጎን ለጎን ከሄደ እርጥብ ጠፍር ጠምጥሞበት ለአንድ ገና ያቆየዋል። ጅማቱን ከተሻገረ ግን ሽሮ ያበስላል።